ጋሽ ነዚፍና ደላላቸው

ጋሽ ነዚፍ ወደ አኼራ መሄዳቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ጅሬን ወዳለው ቤታቸው ለቅሶ ስደርስ ከኮረብታው ጉም ወርዶ ድንኳኑን እስከ ግማሽ ሸፍኖት ነበር። የልጅ ልጃቸው ነው የተባለ ጎረምሳ መቀመጫ ሰጠኝና፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቅ፣ "አባባ በጣም ዝምተኛ ሰው ነበሩ" አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤትም "ኤ፣ ዝም ያለ ሰው ነበር፤ አላህ ይዘንለት" ብለው ተቀበሉት። እኔ ሳቄ መጣብኝና ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር መሆኑን ያደግሁበት ደብረ ማርቆስም፣ ያረጀሁበት ጅማም እኩል ነግረውኛል። ግን ጋሽ ነዚፍን ዝምተኛ ማለት ጅማ ዝናብ አያውቃትም እንደ ማለት ነው።

በልጁ አልፈርድም። እሱ ሲወለድ የአያቱ ድምፅ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኔ ግን ከዚያ ድምፅ ጋር ስንት ክረምት አብሬ ኖሬያለሁ። ዛሬም ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከዝናቡ በስተጀርባ የሆነ ሰው "ሸቤ፣ ሸቤ፣ ጅማ ነኝ" የሚል ይመስለኛል፤ ጆሮዬን አቀናለሁ፤ ከዚያ ዝናቡ ብቻ ይቀራል።

በደርግ ዘመን ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ከወሰድኩ በኋላ ጅማ ለሚገኝ አንድ የቡና መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ ተመደብኩ። አለቃዬ ጋሽ ነዚፍ ነበሩ። የሬዲዮ ክፍላችን ከመጋዘኑ ጥግ ያለች ጠባብ ቤት ስትሆን፣ እርጥብ ጆንያና ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና ትሸታለች። ከመስኮቷ ጅሬን ይታያል፤ ይታያል ማለቴ ጉሙ ሲፈቅድ ነው። ጠዋት ጠዋት በዙሪያችን ያሉት የቡና ጣቢያዎች በየተራ ይጠሩናል፤ ሸቤ፣ አጋሮ፣ ጌራ። ምን ያህል ቡና ገባ፣ ስንት ጆንያ ጎደለ፣ መኪና መቼ ይምጣ፤ ሥራችን ይኸው ነው።

ሥራችን ይኸው ነው የምለው እኔ ነኝ። ለጋሽ ነዚፍ ግን ሥራው ሰላምታው ነበር። "አሰላሙ አለይኩም፤ አከም ቡልተን? ወርሪ ነጋ? ሎን ነጋ? ሮብኒ አከም?" ብለው ይጀምራሉ፤ እንዴት አደራችሁ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው፣ ከብቱ ሰላም ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው። ይህን ለሸቤ ይሉታል፣ ለአጋሮ ይሉታል፣ ለጌራ ይሉታል። ድምፃቸው ከደረት የሚወጣ፣ ወፍራምና ሞቅ ያለ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ደግሞ ሚጢጢ ሰው፣ ራሰ በራ፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ወለሉን ለመንካት የሚፈልግ። በመጀመሪያው ቀን ያ ድምፅ ከሳቸው መውጣቱን ለማመን ከኋላቸው ሌላ ሰው ፈልጌያለሁ።

"ጋሼ፣ ሰላምታውን ቢያሳጥሩት ምን ይመስልዎታል? ወረፋው እኮ ረዘመ" አልኳቸው አንድ ቀን፣ አዲስ መሆኔን ሳልረሳ።

"የእኔ ልጅ፣ ሰላምታ መንገድ ጠራጊ ነው። እሱ ቀድሞ ካላለፈ ከኋላው የሚመጣው ወሬ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል።"

ከሰላምታው የሚዘሉበት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። እሱን ያስተማሩኝ የጌራው ኦፕሬተር አጎት ጅማ ሆስፒታል ያረፉ ለታ ነው። ጋሽ ነዚፍ መነጋገሪያውን አንስተው "ጌራ፣ ጌራ፣ የጆንያው መኪና ነገ ይመጣል" አሉና ዘጉት። ሰላም የለ፣ አከም የለ። ጌራም ምንም አልጠየቀም፤ "ገብቶኛል" ብሎ ብቻ ወጣ። በማግስቱ ሰውየው ከነቤተሰቡ በዚያው መኪና ለለቅሶ መጣ። መርዶ በሬዲዮ አይነገርም፣ በሬዲዮም አይጠየቅም፤ ሁሉም ጣቢያ ይሰማልና። በእኛ መስመር ላይ ሰላምታ የሌለው መልእክት ከመጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ሕግ ጽፎ የሰጠን የለም፤ ጋሽ ነዚፍ አወጡት፣ ሁሉም ያዘው።

ከኦፕሬተሮቹ ሁሉ ለጋሽ ነዚፍ ልብ ቅርብ የነበረችው የሸቤዋ ዘይነባ ናት። እሳቸው "ኢንተለ ኮ" ይሏታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እሷ ደግሞ "አባ" ትላቸዋለች። ስንት ዓመት በየጠዋቱ ሲያወሩ አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም። እሳቸው ሬዲዮውን ጥለው አይሄዱም፣ እሷም ጣቢያዋን ዘግታ አትመጣም። አንዴ "አባ፣ እርስዎ ረጅም ኖት፤ ድምፅዎ ይናገራል" አለች። ጋሽ ነዚፍ ወደኔ አየት አደረጉና "አልሐምዱሊላህ" ብለው አለፉት። እውነቱን ለመናገር ሲከጅሉ አላየሁም።

ከዚያ ድምፃቸው መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ፤ ማርና ዝንጅብል ጠጡ። ክረምቱ አልፎ ቡናው ሲያብብ፣ ያ ነጭ አበባ ከተማውን በመዓዛው ሲያሰክረው፣ የሳቸው ድምፅ በየቀኑ እየቀጠነ ሄደ። ሐኪሙ ጉሮሮ ውስጥ እባጭ አለ አላቸው፤ አዲስ አበባ ሄደው ኦፕራሲዮን ሆኑ። ሕይወታቸው ተረፈ። ሲመለሱ ግን አፋቸውን ከፍተው የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። የልጆች ሰሌዳና ጠመኔ ገዝተው መጡና የመጀመሪያው ቀን የጻፉልኝ "ሸቤ ደህና ናት?" የሚል ነበር። ውጪ ወጥቼ አልቅሼ ተመለስኩ።

ኃላፊያችን ጓድ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆች ያሉት፣ ከላይ የሚመጣ ስልክ ሲጮህ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆሞ የሚያነሣ ሰው ነበር። ጋሽ ነዚፍን አስጠርቶ "ድምፅ የሌለው የሬዲዮ ሠራተኛ ብዬ ሪፖርት ላደርግ አልችልም፤ ከሚቀጥለው የግዢ ወቅት በፊት መጋዘን ገብተው ጆንያ ይቆጣጠሩ" አላቸው። ጋሽ ነዚፍ ሰሌዳቸውን አንስተው "ጊዜ ስጠኝ" ብለው ጻፉ። ከዚያ ክፍል ከወጡ እንደማይቆዩ እኔም አውቄዋለሁ፤ ሰው ከሚወደው ነገር ሲነቀል እንዴት እንደሚጠወልግ በአባቴ አይቻለሁ።

ጊዜ የጠየቁት በምክንያት ነው። ውሉ ያለቀ አንድ የውጭ አገር የቡና ባለሙያ ሁለት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ትቶልን ሄዶ ነበር፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለሸቤ። የመጽሐፍ ያህል ውፍረት ያላቸው፣ ቁልፎቻቸው ጎማ የሆኑ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዘው የሚሠሩ ናቸው። ለምን እንደሚሆኑ ያወቀ ስላልነበረ የእኛው በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ነዚፍ ጨርቁን ገለጡት።

በወጣትነታቸው እርሻ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወዳጅ ነበራቸው። ሰውየው ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅር ብሎ በሬዲዮ ከማያውቀው አገር ሰው ጋር የሚያወራ፣ አማተር የሚባለው ዓይነት ነው። ፊደል በሬዲዮ መሄድ እንደሚችል ያኔ ከሱ ተምረዋል፤ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ወፍራምና ቀጭን ፉጨት ይለውጠዋል፣ ወዲያ ያለው ደግሞ ፉጨቱን ሰምቶ ፊደል ያደርገዋል። ችግሩ ኮምፒዩተሩና ሬዲዮው በቀጥታ አይገናኙም። መሐላቸው የሚገባ ነገር ያስፈልጋል። ጋሽ ነዚፍ ሰሌዳው ላይ "ደላላ" ብለው ጻፉ። ቡና አገር ነውና ወዲያው ገባኝ።

ጓድ ታደሰ ግን ሲያነበው ፊቱ ጠቆረ። "ጓድ ነዚፍ፣ ደላላ የአድኃሪ ሥርዓት ቃል ነው" አለ። ጠመኔውን በእጅጌያቸው አጥፍተው "አስታራቂ" ብለው ጻፉ። ኃላፊው ሲወጣ "አስታራቂ"ን አጥፍተው "ደላላ"ን መለሱት።

የትኛው ደላላ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ያንን ክረምት በላው። ግዢ ክፍል የውጭ አገር ካታሎግ አምጥቶ ያለቀለት፣ የሚያምር፣ መብራት የሚያበራ ሣጥን አሳየን። የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። ጋሽ ነዚፍ ሥዕሉን በፍቅር ዳበሱትና "ዶላሩ ሲፈቀድ እኔ ጀነት ነኝ" ብለው ጻፉ። ሁለተኛው ከሌላ መሥሪያ ቤት ተጥሎ የነበረ አሮጌ የቴሌግራፍ ማሽን መለወጫ ነው፤ ቁምሳጥን ያክላል፣ የሸቤዋ ጄኔሬተር እሱን ልታንቀሳቅስ ብትሞክር ነፍሷ ይወጣል። ሦስተኛው ምንም የማያስወጣው ነው፤ የሬዲዮውን ድምፅ ማጉያ ከኮምፒዩተሩ ጋር በተያያዘ ቴፕ ማይክሮፎን ፊት ለፊት ማስቀመጥ። እሱን ሞከርነው። የመጋዘን ዘበኛው ዶሮ እንቁላል ጥላ ስትጮህ የቴሌቪዥኑ መስኮት በፊደል ተሞላ። ጋሽ ነዚፍ ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ስቀው "ዶሮዋ እንግሊዝኛ ታውቃለች" ብለው ጻፉ።

የመረጡት አራተኛውን ነው። ኮምፒዩተሩ ሥራውን የሚያስቀምጠው በቴፕ ካሴት ላይ ስለሆነ አስቀድሞም ጆሮና አፍ አለው፤ ሽቦውን ከካሴቱ ነቅሎ ወደ ሬዲዮው መውሰድ ነው። በባዶ ሽቦ ሲያገናኙት ግን የሁለቱ ኤሌክትሪክ እየተደበላለቀ ጉምጉምታ ፈጠረ፤ ፊደሉ ሁሉ ተበላሸ። ስለዚህ ከሞቱ ስልኮች ሆድ ውስጥ ትንንሽ ትራንስፎርመር አወጡ። ትራንስፎርመሩ ድምፁን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪኩን ያግዳል። ከድምፅ ማሳነሻ ጋር አድርገው በፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከተቱት። ደላላው ይኸው ነው። "ውድ ደላላ ሁለቱንም ወገን ይበላል" ብለው ጻፉ፣ "ርካሹ ወሬ አድርሶ ዞር ይላል።"

ሁለተኛውን ሠርተው በመኪና ለሸቤ ላኩት። ዘይነባን አገጣጠሙን ያስተማርናት በሬዲዮ ነው፤ እሳቸው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ እኔ አነባለሁ። "አባ አጠገብሽ ናቸው?" ትለኛለች በየመሐሉ። "አሉ" እላታለሁ። "ለምን አንድ ቃል አይሉኝም?" ትላለች። ታመው እንደነበር ታውቃለች፤ ድምፃቸው ጨርሶ መሄዱን ግን እንዳልነግራት በጠመኔ ከልክለውኛል።

ለመጋዘኑ ወይም ለሬዲዮው የሚወሰንበት ቀን መጣ። ጥቅምት ቢሆንም ዝናቡ አልወጣም ነበር፤ ጅማ ዝናቡን አሰናብታ አታውቅም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ውሎ የሬዲዮው ድምፅ እንደሚጠበስ ነገር ይንጫጫል፤ የሰው ቃል ከሸቤ ጨርሶ አይሰማም። ለፈተና የተመቸ ቀን። ጓድ ታደሰ የዕለቱን የቡና ልክ በወረቀት ይዞ ከኋላችን ቆመ። ጋሽ ነዚፍ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው ሰላምታውን ሲጀምሩ አስቆማቸው።

"ቁጥር ብቻ" አለ። "ይህ ማሽን የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ነው። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ከቢሮዬ ወጣ ቢባል ማን ያምነኛል? ቁጥር ግን ቁጥር ነው።"

ጋሽ ነዚፍ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ሰላምታውን አጥፍተው ቁጥሩን ጻፉ፣ የመላኪያውን ቁልፍ ተጫኑ። ያ ፉጨት ክፍሉን ሞላው፤ ጠዋት ጫካ ውስጥ ወፍ ሁሉ ባንድነት ሲንጫጫ የሚሰማውን ይመስል ነበር። ፀጥ አለ። ቆይቶ ከዝናቡ ውስጥ የሸቤ ፉጨት መጣና ቴሌቪዥኑ ላይ ቁጥሩ አንድም ሳይጎድል ተመለሰ፣ ከሥሩም "ደርሷል" የሚል። ጓድ ታደሰ አጨበጨበ። እኔ ጋሽ ነዚፍን አቀፍኳቸው። በዚያ ደስታ ሬዲዮውን ዘግተን ወጣን። ሰላምታ የሌለው መልእክት ምን ማለት እንደሆነ ያሰበ አልነበረም፤ ሕጉ የድምፅ ሕግ ስለነበር ለማሽንም ይሠራል ብለን አልገመትንም። የገመተችው ዘይነባ ብቻ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ሸቤን ጠራናት፣ አልመለሰችም። በድምፅ ጠራናት፣ በፉጨት ጠራናት። ጋሽ ነዚፍ ደላላውን ከፍተው ሽቦ ሽቦውን ሲነካኩ ረፈደ። ጓድ ታደሰ ሁለቴ መጥቶ ሄደ፤ ሁለተኛው ላይ "የመጋዘኑን ቁልፍ አዘጋጅቻለሁ" አለ።

እኩለ ቀን ላይ የቡና መኪና ግቢ ገባ። ከላዩ ሁለት አሮጊቶችና አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ወረዱ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ አብጧል። "ዓለምነሽ?" አለችኝ።

"አቤት" አልኳት።

"ድምፅሽን አወቅሁት" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "አባን የት ቀበራችኋቸው? ጅሬን ነው? እንዴት ሳትጠሩኝ፣ መሎ፣ ምነው?"

ዘይነባ ነበረች። ጋሽ ነዚፍ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እሷ በትከሻዬ ላይ አየቻቸውና ፊቷን አዞረች። "እኚህ ናቸው የተተኩት?" አለችኝ ዝቅ ብላ። "ቁጥሩን የላኩት እኚህ ናቸው?"

ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ነዚፍ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ። እሳቸውም አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ያኔ ተመልሰው ተቀመጡና መጻፍ ጀመሩ። የፈረንጅ ፊደሎቹ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ በአንድ ወጡ። "አሰላሙ አለይኩም ኢንተለ ኮ። አከም ቡልቴ? ወርሪ ነጋ? ሎን ነጋ? ሮብኒ አከም? መንገዱ እንዴት ነበር? ጭቃው አላስቸገረሽም? ቁርስ ሳትበዪ ነው የወጣሽው።"

ዘይነባ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። "ወአለይኩም ሰላም" አለች ለቴሌቪዥኑ። "ነጋ። ወርሪ ነጋ። ሎን ነጋ።" አንዱንም ሳትዘል መለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሰውየው ዞረች፣ ከራሰ በራው እስከ ጫማው አየቻቸው።

"አባ፣ እርስዎ አጭር ኖት እንዴ?" አለች።

እየሳቅሁም እያለቀስኩም ነበር። ጓድ ታደሰ በዚህ መሐል በሩ ላይ ደርሷል። ጣቢያ ዘግታ በመምጣቷ ሊቆጣ የመጣ ፊት ነበረው። ዘይነባ ግን ቀደመችው። "ጓድ፣ ሰላም የሌለው መልእክት ላካችሁብኝ። መርዶ በሬዲዮ አልጠይቅ ነገር፤ ተሳፍሬ መጣሁ። ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ?"

ኃላፊው ወረቀቱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ አሮጊቶቹን እያፈራረቀ አየ። ከላይ የሚመጣውን ስልክ ማሰቡ በግንባሩ ላይ ይነበብ ነበር። "ከነገ ጀምሮ ሰላምታው ይቅደም" አለ በመጨረሻ። "ጋሽ ነዚፍ፣ ከወንበርዎ አይነሡ።" ጓድ ሳይል ጋሽ ሲላቸው የሰማሁት ያኔ ነው።

ዘይነባ የሰማችው አልመሰለኝም። ጋሽ ነዚፍ እግር አጠገብ በርከክ ብላ "አባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ኢንተለ ኮ ይበሉኝ" አለቻቸው። ሞከሩ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ትንፋሹ ወጣ፣ ቃሉ አልመጣም። ደግመው ሞከሩ። እጇን ጉሮሯቸው ላይ ካለው ጠባሳ ላይ አሳረፈችና ሁሉም ገባት።

"እሱስ ሞቷል" አለች።

ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ለዚያ ድምፅ ማልቀስ ጀመረች፤ በቀስታ፣ ለዘመድ እንደሚለቀስ። ከሸቤ ድረስ ለለቅሶ የመጡት አሮጊቶች ምንም ሳይጠይቁ አጠገቧ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ጓድ ታደሰ ኮፍያውን አውልቆ በሩ ጥግ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ነዚፍ ከወንበራቸው ወርደው ለቅሶ የሚቀበል ሰው በሚቀመጥበት አቀማመጥ መሐላችን ገቡ። ትልቋ አሮጊት እጃቸውን ይዛ "አላህ ሰብር ይስጥዎ" አለቻቸው፣ ከንፈራቸውም አሜን አለ።